ጉባኤ የሚያስተምረው በደንቡ ነው

ወዳጆቼ፣ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ስለ ደግነት ንግግር ያዘጋጀ ሰው፣ ንግግሩን ሊያቀርብ ሲሄድ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ቢያገኝ ቆሞ ይረዳዋል?

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው!» ካላችሁ ይህችን ስሙኝ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ነገሩን በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ ሞክረውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትመዋል። ከተማሪዎቹ ከፊሎቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ፣ ከፊሎቹ ስለ ሌላ ርዕስ አጭር ንግግር እንዲያዘጋጁ ተደረገና ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው እንዲያቀርቡ ተላኩ። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ኩርምት ብሎ እያሳለ ያቃስታል። ሰውየው የተመራማሪዎቹ ተባባሪ መሆኑን አያውቁም። በቂ ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው መካከል 63 በመቶው ረዱት። «ቶሎ በል፣ ረፍዷል» ከተባሉት ግን የረዱት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ የነበሩት ከሌሎቹ ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳዩም።

ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ የተባሉ ምሁራን በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ተማሪዎችን ሳያውቁት ፈትነዋቸው ነበር። ለማጭበርበር፣ ለመዋሸትና ለመስረቅ የሚያመች አጋጣሚ እያዘጋጁ ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ተከታተሉ። አንዱ ፈተና ላይ የኮረጀው ልጅ ሌላው ላይ ታማኝ ሆኖ ተገኘ። ትክክል የሆነውን ነገር ወረቀት ላይ አሳምሮ የሚጽፈውም ልጅ አጋጣሚው ሲመጣ ትክክል የሆነውን ይሠራል ብሎ መተማመን አልተቻለም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ሲሉ ምክር ብቻውን እንደማይበቃ አውቀውታል። ችግሩ፣ መከራ ሲመክር የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ መሆኑ ነው። የ16 ዓመት ልጅ በምክርና በመከራ መካከል ሌላ አስተማሪ ያስፈልገዋል፤ መወሰንን የሚለማመድበት፣ ቢሳሳት ግን ማንም የማይጎዳበት ቦታ። የተማሪዎች ጉባኤ ለዚህ የተመቸ ነው። ነገር ግን ሁሉም ጉባኤ አንድ ዓይነት ነገር አያስተምርም፤ የዛሬው ወሬያችንም ይኸው ነው።

ነገሩ ከየት መጣ?

ጉባኤ ስል የክብር እንግዳ ሲናገር ተማሪው የሚያዛጋበትን ስብሰባ ማለቴ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት ተሰባስበው፣ ከባድ ጉዳይ ተሰጥቷቸው፣ ራሳቸው የሚከራከሩበትንና ራሳቸው የሚወስኑበትን ማለቴ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በዓለም ላይ ይበልጥ የሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታትን አስመስሎ የሚካሄደው ሞዴል ዩኤን ሲሆን፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዚያን ጊዜውን የመንግሥታቱን ማኅበር እያስመሰሉ ያካሂዱት የነበረው ስብሰባ ነው። አሜሪካን ሌጅን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢሊኖይ ውስጥ ቦይስ ስቴትን ጀመረ፤ ወንዶች ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት የራሳቸውን መንግሥት አቋቁመው የሚመሩበት ጉባኤ ነው፤ ለሴቶች ልጆችም ገርልስ ስቴት አለ። ሮታሪ የተባለው የበጎ አገልግሎት ማኅበር በመላው ዓለም የሚያካሂደው የወጣት መሪዎች ሥልጠና፣ ራይላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ ላይ ተጀመረ።

ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው የሂዩ ኦብራያን ታሪክ ነው። ኦብራያን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዋያት ኧርፕ የተባለውን የጥንት ሕግ አስከባሪ ሆኖ በቴሌቪዥን የሚተውን ዝነኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የፊልም መንደሩን ትቶ ዛሬ ጋቦን ወደምትባለው አገር ተጓዘ፤ የሰላም ኖቤል ተሸላሚው ዶክተር አልበርት ሽዋይትዘር በላምባሬኔ ባቋቋመው ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ሰነበተ። ሽማግሌው ሐኪም ከነገረው ሁሉ በልቡ የቀረው አንድ ሐሳብ ነበር፦ የትምህርት ትልቁ ሥራ ወጣቶች በራሳቸው እንዲያስቡ ማስተማር ነው። ኦብራያን አገሩ በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሎስ አንጀለስ ላይ የመጀመሪያውን የወጣቶች ሴሚናር አዘጋጀ። በስሙ የተቋቋመው ድርጅት፣ ሆቢ፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ካረፈ በኋላም የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን መሰብሰቡን ቀጥሏል። ወደ ሆቢ እንመለሳለን፤ አሁን ግን ወደ ቴክሳስ ልውሰዳችሁ።

ቴክሳስ ላይ የሆነው

«ቦይስ ስቴት» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫልን ዋና የዳኞች ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ የቴክሳስ ወጣቶች ኦስቲን ከተማ ላይ ይሰበሰቡና በዕጣ ለሁለት ፓርቲ ይከፈላሉ። ፓርቲዎቹ ፕሮግራም የላቸውም፤ ስም ብቻ ነው የተሰጣቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ፣ መሪ መምረጥ፣ መቀስቀስና አገረ ገዥ ማስመረጥ አለባቸው።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ መልከ መልካም፣ ሳቂታና ተወዳጅ ልጅ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ፅንስ ማቋረጥ አዳራሹ መስማት የሚፈልገውን ይናገራል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። ቆየት ብሎ ግን ለብቻው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ የራሱ እምነት ሌላ መሆኑን ሳይደብቅ ይናገራል። የልቡን ቢናገር እንደማያሸንፍ አስልቷል። ተቀናቃኙ የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ምን እንደሚያሳስባቸው ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። የፓርቲውን ዕጩነት ያገኘው ይህ አዳማጭ ልጅ ነው። የመጨረሻውን ምርጫ ግን ሌላኛው ፓርቲ አሸነፈ፤ በመሀሉም ብዙ የማጥላላት ዘመቻ ተካሄደ።

አሁን ልብ በሉ። ያንን ሳቂታ ልጅ ማንም «ዋሽ» አላለውም። አዘጋጆቹም ስለ ዜግነት ኃላፊነት ጥሩ ጥሩ ነገር ነግረውታል። ታዲያ ውሸቱን ከየት ተማረው? ከጨዋታው ደንብ ነው። በዚያ ጉባኤ ነጥብ የሚያስገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፅ። በእግር ኳስ ጎል ቀርቶ ቅብብል ነጥብ ቢያስገኝ ማንም ወደ ግብ አይመታም፤ ልጆችም እንደዚያው ናቸው፣ ምን እንደሚያሸልም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባቸዋል። ንግግሩ ሌላ፣ ሽልማቱ ሌላ ከሆነ የሚያምኑት ሽልማቱን ነው።

ቦይስ ስቴት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ልጆች ምርጫ ምን እንደሆነ፣ ሽንፈትን እንዴት እንደሚቀበሉ የሚማሩበት ቦታ ነው። የተለየ ነገር ለማስተማር ግን የተለየ ደንብ ያስፈልጋል፤ ያንን ደንብ ደግሞ አንድ የፍልስፍና መምህር ሠርቶታል።

ሐሳብን መቀየር ነጥብ የሚያስገኝበት ውድድር

ሮበርት ላደንሰን በቺካጎው ኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፍልስፍና መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኤቲክስ ቦውል የተባለ የሥነ ምግባር ውድድር አዘጋጁ። ነገሩ ተስፋፋና እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደ። አገር አቀፉን የሁለተኛ ደረጃ ውድድር የሚያስተባብረው በቻፕል ሂል በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የፓር የሥነ ምግባር ማዕከል ነው።

አካሄዱን ቀረብ ብለን እንየው። በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ለሁሉም ቡድኖች ይላካል። እያንዳንዱ ታሪክ ቀጥተኛ መልስ የሌለው ጉዳይ ይዟል። ተማሪዎቹ ለወራት ሲወያዩበት ይቆያሉ፤ በውድድሩ ዕለት ግን ማስታወሻ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ሁለት ቡድኖች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ዳኞች ይሰየማሉ፣ መድረክ መሪው ከታሪኮቹ አንዱን ጠርቶ ጥያቄ ያነባል።

ለምሳሌ ጉዳዩ ይህ ነው እንበል፤ ታሪኩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የልብ ጓደኛዋ ፈተና ላይ ስትኮርጅ አየቻት። የጓደኛዋ እናት ታማለች፤ ልጅቱ ማታ ማታ ካፌ ውስጥ እየሠራች ቤት ትደጉማለች፤ ለማጥናት ጊዜ የላትም። ውጤቷ ከወረደ የነፃ ትምህርት ዕድሏ ይቀራል። ያየችው ተማሪ ምን ማድረግ አለባት?

የመጀመሪያው ቡድን ሁለት ደቂቃ ተንሾካሹኮ ሐሳቡን በአምስት ደቂቃ ያቀርባል። «በመጀመሪያ ራሷን ጓደኛዋን ለብቻ ታናግራት፤ በራሷ ሄዳ ለመምህሩ እንድትናገር ዕድል ትስጣት» ይላል። ተራው የሁለተኛው ቡድን ሲሆን በሦስት ደቂቃ አስተያየት ይሰጣል። እዚህ ላይ የኤቲክስ ቦውል ልዩ ደንብ ይመጣል፦ ቡድኖቹ ደጋፊና ተቃዋሚ ተብለው አልተመደቡም። ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው ጋር ሙሉ በሙሉ ቢስማማም ነጥብ አያጣም። ሥራው ማፍረስ ሳይሆን ሐሳቡን ማጥለቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በሐሳባችሁ እንስማማለን። ነገር ግን ያቺ የነፃ ትምህርት ዕድል ለአንድ ሰው ብቻ የምትሰጥ ከሆነች፣ ሳይኮርጅ ሁለተኛ የወጣው ልጅስ? ስሙን እንኳ አላነሳችሁትም።»

መጀመሪያ የተናገረው ቡድን መልስ መስጫ ሦስት ደቂቃ አለው። በተራ የክርክር መድረክ ቢሆን ምን ይል ነበር? «አልገባችሁም» ይልና ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እዚህ ግን «ልክ ናችሁ፤ ያንን ልጅ ዘንግተነዋል። እሱን ስናስገባ ሐሳባችን እንዲህ ይሻሻላል» ማለት ብልህነት ነው፤ ዳኞቹ የሚፈልጉት ይህንኑ ነውና። ከዚያ ዳኞቹ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይጠይቃሉ። ውጤት ሲሰጡም የሐሳቡን ጥልቀት፣ ለተቃራኒ አመለካከት የተሰጠውን ቦታ፣ የመልሱን ቅንነት ይመዝናሉ፤ ለተከባበረ ውይይት ራሱን የቻለ ነጥብ አለው።

እኛ የቃል ሙግት ጠንቅቀን የምናውቅ ሕዝብ ነን። በድሮው የሙግት ሥርዓት «በላ ልበልሃ» ተባብለው የሚሟገቱ ሰዎች ዳኛና አዳማጭ ፊት ቃላት እየመዘዙ ይፋለሙ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ ሰው ብዙ ጊዜ ይረታል። የሚያምር ጥበብ ነው፤ ዓላማው ግን መርታት ነው። ኤቲክስ ቦውል የሚያሸልመው ችሎታ ሌላ ነው፦ ባለጋራህ የተናገረውን ከእሱ አሳምረህ ደግመህ መናገር፣ ከዚያም የራስህን ሐሳብ በእሱ ብርሃን ማስተካከል። የፓርላማ፣ የቀበሌና የቤተሰብ ስብሰባዎቻችን የትኛው ችሎታ እንደጎደላቸው ለእናንተ እተወዋለሁ።

ትክክል ከትክክል ሲጋጭ

ጉባኤው እንዲያስተምር ጉዳዩ በደንብ መመረጥ አለበት። «ሌብነት መጥፎ ነው ወይስ ጥሩ?» ብሎ መጠየቅ የማንንም አእምሮ አያሠራም። ራሽዎርዝ ኪደር የተባሉት አሜሪካዊ ጋዜጠኛና የሥነ ምግባር ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ እዚህ ጋ የሚጠቅም ነገር ብለዋል። እንደ እሳቸው አባባል ጥሩ ሰዎችን የሚያስጨንቃቸው ትክክል ከስህተት ጋር ሲጋጭ ሳይሆን ትክክል ከትክክል ጋር ሲጋጭ ነው። ግጭቱንም በአራት መልክ ከፋፍለውታል።

አንደኛው እውነትና ታማኝነት ሲጋጩ ነው፤ የኮራጇ ጓደኛ ታሪክ እዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ግለሰብና ማኅበረሰብ ናቸው፤ አንድ የሚረብሽ ልጅ ከክፍል ይባረር ወይስ ለእሱ ሲባል ሌላው ይታገሥ? ሦስተኛው የዛሬና የነገ ነው፤ ክበቡ ያሰባሰበው ገንዘብ ዛሬ ለተቸገረው ተማሪ ደብተር ይግዛ ወይስ ለቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ? አራተኛው ፍትሕና ምሕረት ናቸው፤ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ የጠየቀ ልጅ እንደ ደንቡ ይቀጣ ወይስ ይማር?

ይህን ክፍፍል ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ስጧቸውና አንድ የራሳቸውን ገጠመኝ ከአራቱ በአንዱ ሥር እንዲያስገቡ ጠይቋቸው። «እኔ ክፉ ነኝ ወይስ ደግ?» ከሚለው አስፈሪ ጥያቄ ወጥተው «እዚህ ላይ የተጋጩት ሁለት መልካም ነገሮች የትኞቹ ናቸው?» ወደሚለው ይሻገራሉ። ስለዚህኛው ጥያቄ ማንም ሳያፍር ማውራት ይችላል።

ሞዴል ዩኤንም በራሱ መንገድ ይህን ያሠራል። ተማሪው ዕጣ የደረሰውን አገር ወክሎ፣ የዚያን አገር ጥቅምና ስጋት አጥንቶ መናገር አለበት። ከራሱ ጫማ ወጥቶ የሌላውን ሰው ስጋት ከውስጥ ሲያይ ትልቅ ነገር ይማራል። ግን አደጋም አለው፦ የማያምንበትን ነገር አሳምሮ መናገርም ይለምዳል። ብልህ አዘጋጅ ስለዚህ ስብሰባው ሲያልቅ የአገሩን ስም ከደረቱ ላይ ያስወልቀውና «አሁን አንተ ራስህ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያቺ አንዲት ሰዓት ከቀረች የጉባኤው ግማሽ ትምህርት ቀርቷል።

መሪነት የት ጋ ነው?

መሪነት ስንል ቶሎ የሚታየን መድረክ ላይ የቆመው ነው። በእንደዚህ ያለ ጉባኤ ግን ብዙውን የመሪነት ትምህርት የሚያገኙት ወንበር ላይ ያሉት ናቸው፦ ሰብሳቢው፣ ሰዓት ያዡና ቃለ ጉባኤ ያዧ።

አንድ የ17 ዓመት ሰብሳቢ አስቡ። የሚናገረው የቅርብ ጓደኛው ነው፤ ንግግሩም እያማረ ነው፤ ሦስት ደቂቃው ግን አልቋል። ያስቁመው? አሥር ሴኮንድ ዝም ቢል ማን ያያል? ጥግ ላይ ደግሞ እጇን በግማሽ አንሥታ መልሳ የምታወርድ ልጅ አለች። ጓደኛውን አስቁሞ ያቺን ልጅ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲላት አድልዎ አለመፈጸም ምን እንደሚመስል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ራሱ ሠርቶታል። ቃለ ጉባኤ ያዧም ብትሆን የማትወደውን ሐሳብ ሳታጣምም መጻፍ አለባት። ይህ ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ነገ ፍርድ ቤት ወይም ጋዜጣ ውስጥ ስትገባ ግን ሥራዋ ይኸው ነው።

ስለዚህ አስተማሪዎች ሆይ፣ ወንበሮቹን ለልጆቹ ልቀቁላቸው። አስተማሪ ሰብሳቢ በሆነበት ጉባኤ ተማሪ የሚለማመደው መታዘዝን ብቻ ነው።

ሰኞ ሲመጣ

ከጉባኤ የተመለሰ ልጅ ቅዳሜ ማታ ዓለምን ሊለውጥ ይነሣል፤ በሳምንቱ ረስቶታል። ይህ የሁሉም ጉባኤ የጋራ በሽታ ነው። ሆቢ ያገኘው መድኃኒት ቀላል ነው፦ ሴሚናሩን የተካፈለ ተማሪ በሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ 100 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠየቃል። 100 ሰዓት ለዓመት ሲካፈል በሳምንት ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ግን በየሳምንቱ ነው። አዋቂ ሰው ሳይቀሰቅሰው ሽማግሌዎች ዘንድ የሚሄድ ወይም ታናናሾቹን ሒሳብ የሚያስጠና ልጅ ቅዳሜ የተናገረውን ማክሰኞ ይኖረዋል።

ውይይት ብቻውን የት ድረስ እንደሚወስድም እንወቅ። የታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ የሎውረንስ ኮልበርግ ተማሪ የነበረው ሞሼ ብላት፣ በክፍል ውስጥ የሥነ ምግባር ጉዳዮችን በየሳምንቱ የሚያወያይ መርሐ ግብር የተማሪዎችን የማመዛዘን ደረጃ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ከፍ ያለው ግን ማመዛዘናቸው ነው። በማመዛዘንና በመሥራት መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ልማድ ነው፤ የፕሪንስተኖቹን የነገረ መለኮት ተማሪዎች አትርሷቸው።

ሌላም እንከን አለ። ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ጎበዙ፣ ተናጋሪው፣ የመምህራን ወዳጅ የሆነው ተማሪ ነው። እሱ መሪነቱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ሥልጠናው ይበልጥ የሚጠቅመው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግማሽ ክፍሉን በአንድ ቀልድ የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ ነው። እሱም መሪ ነው፤ ወዴት እንደሚመራ ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

እኛስ?

በአገራችን ይህን ለማድረግ ከባዶ መነሣት አያስፈልግም። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ለዓመታት አሥራ አንድ እሴቶችን ሲያስተምር ቆይቷል፤ የሕግ የበላይነት፣ ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ እያለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ለትንንሾቹ ግብረገብ፣ ለሁለተኛ ደረጃዎቹ የዜግነት ትምህርት አለ። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሥነ ምግባር ክበባት ተመሥርተዋል። ሚኒ ሚዲያው አለ፤ የተማሪዎች ፓርላማውም አለ።

ያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከቀኑ በፊት ወጥቶ ተቋረጠ፤ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህም ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀምሯል። አሥራ አንዱን እሴቶች በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ አጥር ያለው ግቢ ውስጥ ካልሆነ አይታመንም ማለት ነው? ጥበቃው ያስፈልግ ይሆናል። ግን ጥበቃ ኩረጃን ያስቆማል እንጂ ታማኝነትን አያስተምርም።

እንግዲህ አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ቅዳሜ ምን ማድረግ ይችላል? በጀት አያስፈልግም፤ ጠመኔና ሰዓት ይበቃል። ከሁለት ሳምንት በፊት የሥነ ምግባር ክበቡ ሦስት አጫጭር ታሪኮች ይጻፍ፤ ከተማሪው ሕይወት የተወሰዱ፣ ማንንም የማይጠቁሙ። አንዱ ስለ ፈተና፣ አንዱ ስለ ክበብ ገንዘብ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ስለሚለው ተረት። ይህን ተረት የሚያውቅ ሁሉ ይስቅበታል፤ አንዲት ልጅ ግን «የተሾመው አባቴ ቢሆን፣ ዘመድ ሁሉ ደጃችንን ቢያንኳኳስ?» ብላ ስትጠይቅ ሳቁ ቆሞ ሐሳቡ ይጀምራል።

ቡድኖቹ አምስት አምስት ሆነው ይመደቡ፤ ጎበዝና ሰነፍ ተብለው ሳይለዩ፣ በዕጣ። ሰብሳቢ፣ ሰዓት ያዥና ቃለ ጉባኤ ያዥ ከተማሪዎቹ ይሁኑ። ነጥብ መስጫው ከመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ ለሐሳብ፣ ለማዳመጥ፣ ከሌላው ቡድን ተምሮ ሐሳብን ለማሻሻል። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን በወሩ ውስጥ የሚፈጽመው አንድ ትንሽ ሥራ ይጻፍ፤ በወሩ መጨረሻ መፈጸሙና አለመፈጸሙ በሚኒ ሚዲያ ይነገር። አንድ ሥራ ብቻ፤ ከተፈጸመ በቂ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲያትል ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ ልጆች የምታሳድጉ ወዳጆቼም የልጃችሁ ትምህርት ቤት የኤቲክስ ቦውል ቡድን እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው ለማቋቋም አንድ ፈቃደኛ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች ይበቃሉ። ልጁ ታሪኮቹን ይዞ ቤት ሲመጣም ለአያቱ በአማርኛ ያስረዳ፤ አያትየዋ «እኛ ዘንድ ቢሆን...» ብለው የሚጀምሩትን የትኛውም ዳኛ አይጠይቀውም።

የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ የክበብ ተጠሪ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመድረሳ አስተማሪ የሆናችሁ ሁሉ፣ ለቀጣዩ የተማሪዎች ዝግጅት ተናጋሪ እንግዳ ከመጋበዛችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ፦ በዚህ ቀን ምን ያሸልማል? መልሱ «ጥሩ መናገር» ብቻ ከሆነ ወረቀቱን ቅደዱና እንደገና ጻፉ።